ኮንሶልዎን ከማዘመንዎ በፊት፦ የፈርምዌር አፕዴት ሴቭዎንና ጌሞችዎን እንዳያሳጣዎት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ለመጫወት ጊዜ አግኝተው ኮንሶሉን ሲያበሩት አዲስ የሲስተም ሶፍትዌር ካልተጫነ ኢንተርኔት መጠቀም እንደማይቻል የሚገልጽ መልእክት ሲመጣ ማንም ሰው ይበሳጫል። ከዚያ የባሰው ግን አፕዴቱ ተጭኖ ካለቀ በኋላ የሚታየው ነው፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ጆይስቲክ «ያልተፈቀደ ዕቃ» ይባላል፣ ለወራት የተጫወቱበት ሴቭ (ጌሙ ውስጥ የደረሱበትን የሚይዘው ፋይል) ይጠፋል፣ ወይም ኮንሶሉ ከነጭራሹ አልነሳም ይላል። በዚህ የሚቆጡ ተጫዋቾች የሚቆጡት በከንቱ አይደለም። ዕቃውን የገዙት በራሳቸው ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃው ነገ ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስነው ሩቅ ያለ ድርጅት ነው።

ቁጣው ተገቢ ቢሆንም፣ ከጉዳት የሚያድነው ሥራ ያለው አፕዴቱን ከመቀበል በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ ፈርምዌር፣ ማለትም ኮንሶሉን የሚያሠራው የሲስተም ሶፍትዌር፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ተራ ተጠቃሚ ወደ ቀድሞው ስሪት የሚመለስበት መንገድ የለውም። ይህ መመሪያ አብዛኛውን ቦታ ለዝግጅቱ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። የተዘጋጀውም ለፕሌይስቴሽን 4 እና 5፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኤክስቦክስ ሲሪስ፣ እንዲሁም ለኒንቴንዶ ስዊች ባለቤቶች ነው። ኮንሶል መጥለፍን አያስተምርም፤ የጸረ-ጠለፋው ሥራ ንጹሐን ተጠቃሚዎችን የት የት እንደሚነካ ግን በግልጽ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ኋላ መመለስ የማይቻለው ለምንድን ነው?

ኮንሶል ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው በዋናው ቺፕ ውስጥ በፋብሪካ የተቀረጸና ከዚያ በኋላ ሊለወጥ የማይችል አጭር ፕሮግራም ነው፤ ቡትሮም ይባላል። ቡትሮሙ ቀጥሎ የሚነሳውን ሶፍትዌር ዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም ከማን እንደመጣ የሚያረጋግጠውን ምልክት፣ ይመረምራል፤ ፊርማው የአምራቹ ከሆነ ያስነሳዋል፣ ካልሆነ እዚያው ይቆማል። የተነሳው ሶፍትዌርም በተራው ቀጣዩን ይመረምራል፣ ምርመራውም እንዲህ እየተቀባበለ እስከ ጌሙ ድረስ ይዘልቃል። መፈረሚያው ምስጢራዊ ቁልፍ የሚገኘው በአምራቹ እጅ ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት በአንዲት ስህተት ሊፈርስ እንደሚችል የታየው በዲሴምበር 2010 ነበር፤ ፌይልኦቨርፍሎው የተባለው ቡድን በርሊን በተካሄደ የጠላፊዎች ጉባኤ ላይ፣ ሶኒ የፕሌይስቴሽን 3 ሶፍትዌሮችን ሲፈርም በየፊርማው መለወጥ የነበረበትን የዘፈቀደ ቁጥር ሳይለውጥ ደጋግሞ ስለተጠቀመበት ምስጢራዊው ቁልፍ በስሌት ብቻ ሊገኝ እንደሚችል አሳየ።

የድሮ ፈርምዌርም ቢሆን በትክክል የተፈረመ ስለሆነ ፊርማ ብቻውን ወደ ኋላ መመለስን አይከለክልም። ክልከላው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በኤክስቦክስ 360 እና በኒንቴንዶ ስዊች ቺፖች ውስጥ ኢ-ፊውዝ የሚባሉ፣ በኤሌክትሪክ አንዴ ከተቃጠሉ የማይመለሱ ጥቃቅን ፊውዞች አሉ። በስዊች ላይ የተወሰኑ አፕዴቶች ሲጫኑ አንድ ተጨማሪ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ኮንሶሉ በተነሳ ቁጥር የተቃጠሉት ይቆጠራሉ፣ ቁጥራቸው የተጫነው ፈርምዌር ከሚጠብቀው በላይ ሆኖ ከተገኘም ፈርምዌሩ ያረጀ መሆኑ ታውቆ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የአሮጌ ፈርምዌር ፋይል ከኢንተርኔት ቢያገኙም በተለመደው መንገድ አይጫንልዎትም፤ «ዳውንግሬድ እናደርጋለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁትንም በዚህ ዓይን ይመልከቷቸው።

ቡትሮሙ ራሱ ስህተት ሲኖርበት ነገሩ ይገለበጣል። በ2018 በመጀመሪያዎቹ የስዊች ኮንሶሎች ቺፕ ላይ ፊውዜ ዠሌ የተባለ ቀዳዳ (ጠላፊ ሊገባበት የሚችል የደኅንነት ጉድለት) ይፋ ሆነ፤ ቡትሮም የማይለወጥ በመሆኑ ኒንቴንዶ የተሸጡትን ኮንሶሎች በአፕዴት ሊጠግናቸው አልቻለም፣ ከዚያ በኋላ በተመረቱት ላይ ብቻ ቺፑን አስተካከለ። ኮንሶሉን መቆለፍ ያልቻለ አምራች የሚቀረው በሰርቨሩ በኩል ማገድ ነው፤ ዛሬ የምናያቸው ከባድ እገዳዎች አንዱ ምንጭም ይኸው ነው።

የአፕዴት ማስታወሻዎች «የሲስተሙን መረጋጋት ያሻሽላል» ከሚለው ያላለፉት ለምን እንደሆነም ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሶኒ በጁን 2020 የፕሌይስቴሽንን ቀዳዳ ለሚጠቁሙ ተመራማሪዎች ይፋዊ የሽልማት ፕሮግራም ሲከፍት፣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ለሚገኝ እጅግ አደገኛ ቀዳዳ የሚከፈለው ከ50,000 ዶላር የሚጀምር ነበር። በዚህ ዋጋ የተገዛና የተዘጋ ቀዳዳን ዘርዝሮ መጻፍ ገና ባልዘመኑት ኮንሶሎች ላይ የት እንደሚገባ መጠቆም ይሆናል። ይህን ዝምታ እረዳዋለሁ። በ2011 የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ተጠልፎ ወደ 77 ሚሊዮን የሚጠጉ አካውንቶች መረጃ ለአደጋ ሲጋለጥና አገልግሎቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቋረጥ ዋናው ተጎጂ ተጫዋቹ ራሱ ስለነበር፣ ጥበቃ አያስፈልግም የሚል ሰው የለም። የማይዋጥልኝ ጥበቃን ምክንያት አድርጎ የተሸጠን አገልግሎት መልሶ መውሰድ ነው። ሶኒ በአፕሪል 1 ቀን 2010 ባወጣው 3.21 ፈርምዌር፣ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ሊኑክስን መጫን ያስችል የነበረውን አዘር ኦኤስ የተባለ አገልግሎት አጠፋው። አፕዴቱን ያልጫነ ሰው የኢንተርኔት ጨዋታ ተከለከለ፤ የጫነው ደግሞ ከፍሎ የገዛውን አገልግሎት አጣ። ድርጅቱ በአሜሪካ በቡድን ተከሶ ከዓመታት በኋላ ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል፤ ካሳው ግን አገልግሎቱን አልመለሰም።

ደረጃ 1፦ የሚጫንበትን ጊዜ ራስዎ ይወስኑ

በመጀመሪያ አፕዴቱ ሳያውቁት እንዳይጫን ያድርጉ። በፕሌይስቴሽን 5 ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያም ሲስተም ሶፍትዌር የሚለውን ሲከፍቱ ሁለት የተለያዩ ማብሪያና ማጥፊያዎች ያገኛሉ፤ አንዱ የአፕዴት ፋይሉን በራሱ የሚያወርድ፣ ሌላው በራሱ የሚጭን ነው። የሚጭነውን ያጥፉ፤ የሚያወርደው ቢበራ ጉዳት የለውም፣ ለማዘመን በወሰኑ ጊዜ ፋይሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። በፕሌይስቴሽን 4 ሲስተም ከሚለው ሥር አውቶማቲክ ዳውንሎድስን ከፍተው የሲስተም ሶፍትዌሩን ምልክት ያንሱ። በኤክስቦክስ ሲስተም፣ ቀጥሎም አፕዴትስ በሚለው ገጽ ኮንሶሉን ሁልጊዜ እንዲዘምን የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉ። ስዊች ላይ ያለው ምርጫ የጌሞችን አፕዴት ብቻ የሚመለከት ስለሆነ፣ የሲስተሙን ለማቆየት ከፈለጉ ኮንሶሉን ከዋይፋይ ከማራቅ በስተቀር ሌላ መንገድ የለም።

ቀጥሎ ማዘመኑ ለእርስዎ ያስፈልግ እንደሆነ ያስቡ። ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቱ ወይም ከስቶሩ የሚገዙ ከሆነ ምርጫ የለዎትም፤ ማቆየት የሚችሉት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በዲስክ ወይም በካርድ ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚጫወቱ ከሆነ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ይችላሉ። ይሁን እንጂ አዳዲስ ጌሞች የሚያስፈልጋቸውን ፈርምዌር በዲስኩ ወይም በካርዱ ላይ ይዘው ስለሚመጡ፣ ኢንተርኔት የሌለው ኮንሶልም አዲስ ጌም በገባበት ቀን «መጀመሪያ አዘምን» ሊል እንደሚችል ይወቁ።

አፕዴትን በጭፍን መሸሽም የራሱ ጉዳት አለው። ፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ሰዓቱን የምታስጠብቅ ትንሽ ባትሪ አለች፤ ይህች ባትሪ ካለቀችና ኮንሶሉ ከፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ሰዓቱን ማስተካከል ካልቻለ በዲስክ የተገዙ ጌሞች እንኳ አልነሳም ይሉ ነበር። ምክንያቱ የትሮፊዎች (ጌም ውስጥ ለሚገኙ ስኬቶች የሚሰጡ ሽልማቶች) ቀን እንዳይጭበረበር የተደረገው ቁጥጥር ነበር። ችግሩ የተፈታው በሴፕቴምበር 2021 በወጣው 9.00 ፈርምዌር ነው። አሮጌ ኮንሶሉን ለረጅም ዘመን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ይህን አፕዴት መጫኑ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ደረጃ 2፦ ሴቭዎን ከኮንሶሉ ውጭ ያስቀምጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚፈጽሙ ከሆነ ይህን ይፈጽሙ። ጌም እንደገና ይወርዳል፣ ኮንሶልም ይጠገናል፤ የጠፋ ሴቭ ግን ተመልሶ አይገኝም። አፕዴት ተበላሽቶ መፍትሔው ሁሉንም ነገር አጥፍቶ እንደገና መጫን ከሆነ፣ በውስጥ ማከማቻው ላይ ብቻ የነበረ ሴቭ አብሮ ይሄዳል።

በፕሌይስቴሽን 4 ሥራው ቀላል ነው። በሴቲንግስ ውስጥ የሴቭ ማስተዳደሪያውን ከፍተው የሚፈልጓቸውን ሴቮች አንድ በአንድ መርጠው ወደ ፍላሽ ይገለብጣሉ። ፕሌይስቴሽን 5 ግን ይህን መብት አጥብቦታል፤ የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን ሴቭ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሲፈቅድ፣ የፕሌይስቴሽን 5 ጌሞችን ሴቭ ለብቻው እንዲገለብጡ አይፈቅድም። ለእነዚህ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በክፍያ የሚገኘው የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክላውድ (በኢንተርኔት በአምራቹ ሰርቨር ላይ የሚገኝ ማስቀመጫ) ነው፤ ሁለተኛው ያለ ክፍያ የሚሠራ ሲሆን የኮንሶሉን ሙሉ ባክአፕ በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ መውሰድ ነው። ባክአፑን ሲጀምሩ ምን ምን እንደሚካተት ይጠየቃሉ፤ ጌሞቹን ትተው ሴቮቹንና ሴቲንጎቹን ብቻ ከመረጡ ጊዜውም ቦታውም በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ባክአፑን መልሰው ሲጭኑ በኮንሶሉ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋና በባክአፑ ይተካል። ስለዚህ ባክአፕ የሚመለሰው ኮንሶሉ ባዶ ሲሆን ነው እንጂ አንድ ሴቭ ብቻ ለማምጣት አይደለም። ትሮፊዎች በፕሌይስቴሽን 4 ባክአፕ ውስጥ ስለማይካተቱ አስቀድመው ከሰርቨሩ ጋር ያናብቧቸው።

የኤክስቦክስ ባለቤቶች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ሴቮቻቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ በራሳቸው ወደ ክላውድ ይላካሉ። የሚጠበቅብዎት ከማዘመንዎ በፊት ኮንሶሉን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው፣ ጌሙን በአግባቡ ዘግተው፣ መላኩ እስኪያልቅ መታገሥ ነው። ጌሙ ከበስተጀርባ ተንጠልጥሎ እያለ ኮንሶሉን ከሶኬት መንቀል መላኩ ሳይጠናቀቅ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል።

ስዊች ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሚሞሪ ካርዱን አምኖ ነው። ጌሞቹ ካርዱ ላይ ቢቀመጡም ሴቮቹ ሁልጊዜ የሚቀመጡት በኮንሶሉ የውስጥ ማከማቻ ላይ ነው፤ ካርዱን አውጥቶ ማስቀመጥ ሴቭን አያድንም። የክላውድ ማስቀመጫው የስዊች ኦንላይን ክፍያ ይጠይቃል፣ ከፍለውም ቢሆን የማይደግፉት ጌሞች አሉ። ክፍያውን ለማይፈልግ ሰው የቀረው መንገድ ሴቩን ወደ ሌላ ስዊች ማስተላለፍ ነው። ተጠቃሚው የራሱን ሴቭ በራሱ ፍላሽ ላይ እንዳያስቀምጥ መከልከል ጠላፊዎች በሴቭ ፋይል በኩል እንዳይገቡ ያግዛል፤ ሆኖም ሸክሙን ሙሉ በሙሉ በሐቀኛው ተጫዋች ላይ የሚጥል ውሳኔ ነው።

ደረጃ 3፦ ጌሞችዎ ያለ ኢንተርኔት እንደሚነሱ ይፈትሹ

ከስቶር የተገዛ ጌም የሚነሳው ፈቃዱ ሲረጋገጥ ነው፤ ከአፕዴት በኋላ ሰርቨሩ ቢጨናነቅ ወይም ኔትወርኩ ቢቋረጥ ፈቃዱ በኮንሶሉ ላይ ካልተመዘገበ ጌሙ ይቆለፋል። በፕሌይስቴሽን 5 ኮንሶል ማጋራትና ያለ ኢንተርኔት መጫወት የሚለው ምርጫ መብራቱን፣ በፕሌይስቴሽን 4 ኮንሶሉ የአካውንትዎ ዋና ኮንሶል መሆኑን፣ በኤክስቦክስ ደግሞ ሆም ኤክስቦክስ ተብሎ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ኤክስቦክስ ይህን ምዝገባ በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ስለሚያስለውጥ በዋዛ አያባክኑት። ከዚያ የኢንተርኔት ኬብሉን ይንቀሉ ወይም ዋይፋዩን ያጥፉና ከስቶር የገዙትን አንድ ጌም ያስነሱ። ከተነሳ ምዝገባው ይሠራል ማለት ነው። ካልተነሳ ችግሩን አሁን ማወቅዎ ይሻላል፤ አፕዴቱ ከተጫነ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራልና።

ደረጃ 4፦ ከሌላ አምራች የገዟቸውን ዕቃዎች ይለዩ

ኮንሶሉን ከሠራው ድርጅት ሳይሆን ከሌሎች የተገዙ ጆይስቲኮች፣ አስማሚዎችና ዶኮች (ስዊችን ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኙ ማስቀመጫዎች) በአፕዴት ብዙ ጊዜ የሚጎዱ ናቸው። በማርች 2018 የስዊች 5.0 ፈርምዌር ሲወጣ፣ ከሌሎች አምራቾች በተገዙ አንዳንድ ዶኮች ላይ የተቀመጡ ኮንሶሎች እስከ መሞት መድረሳቸውን ባለቤቶቻቸው ተናግረዋል። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ማይክሮሶፍት ያልፈቀዳቸው ዕቃዎች ኤክስቦክስ ላይ ሲሰኩ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሙሉ እገዳ እንዲገጥማቸው አደረገ። በማጭበርበሪያ መሣሪያ ሌሎችን ሲያስቸግሩ የነበሩትን ለመከላከል ይጠቅማል ቢባልም፣ ለዓመታት በሐቀኝነት ሲሠራበት የነበረን ጆይስቲክም አብሮ ከጥቅም ውጭ አድርጓል።

ስለዚህ ከማዘመንዎ በፊት አምራቹ በድረ ገጹ ላይ ለዕቃው የራሱን አፕዴት አውጥቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካለ አስቀድመው ይጫኑት። አፕዴቱን በሚጭኑበት ጊዜ ሁሉንም ነቅለው ከኮንሶሉ ጋር በመጣው ጆይስቲክና ገመድ ብቻ ይሥሩ። ስዊችን ከዶኩ አውጥተው፣ ከኮንሶሉ ጋር በመጣው ቻርጀር በቀጥታ ያዘምኑ።

ደረጃ 5፦ ጥቂት ቀናት ይታገሡ

አፕዴት በወጣበት ዕለት መጫን የሚያስገድድ ምክንያት ከሌለዎት አይጫኑ። በሴፕቴምበር 2009 የወጣው የኒንቴንዶ ዊ 4.2 አፕዴት ያነጣጠረው በተጠለፉ ኮንሶሎች ላይ ቢሆንም፣ ምንም ያልተነኩ ኮንሶሎችንም ከጥቅም ውጭ አድርጎ ነበር። በጁን 2013 ሶኒ ያወጣው የፕሌይስቴሽን 3 4.45 ፈርምዌር እንዲሁ አንዳንድ ኮንሶሎችን እንዳይነሱ ስላደረገ ወዲያው ተነሥቶ በ4.46 ተተካ። የዚያን ጊዜ የዳኑት ትንሽ ቆይተው የጫኑት ናቸው። በሚጠብቁባቸው ቀናት የእርስዎን ሞዴል የያዙ ሰዎች ችግር ገጥሟቸው እንደሆነ ይከታተሉ፤ የሌላ ሞዴል ባለቤት «እኔ ምንም አልሆንኩም» ማለቱ ስለእርስዎ ኮንሶል የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው።

ደረጃ 6፦ አፕዴቱን መጫን

ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ ያጥፉትና እንደገና ያብሩት፤ ለቀናት በሬስት ሞድ (ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ በእንቅልፍ) የቆየ ኮንሶል ላይ በቀጥታ መጫን አይመከርም። በማከማቻው ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። መብራት ሊቋረጥ ይችላል ብለው ከሠጉ በሌላ ጊዜ ያድርጉት፤ ስዊች ከሆነ ባትሪው መሙላቱን አይተው ይጀምሩ። ዋይፋይዎ የሚቆራረጥ ከሆነ በኬብል ይጠቀሙ፣ ወይም ፋይሉን በኮምፒውተር አውርደው በፍላሽ ይጫኑ።

በፍላሽ ለመጫን ፋይሉን የሚያወርዱት ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። ለፕሌይስቴሽን 5 ፍላሹን በፋት32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉ፤ በላዩ ላይ ፒኤስ5 የሚል ፎልደር፣ በእርሱም ውስጥ አፕዴት የሚል ሌላ ፎልደር ይክፈቱ። ሁለቱም ስሞች በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት መጻፍ አለባቸው። የወረደው ፋይል የሚቀመጠው በሁለተኛው ፎልደር ውስጥ ነው። ለፕሌይስቴሽን 4 አሠራሩ አንድ ነው፣ የመጀመሪያው ፎልደር ስም ብቻ ፒኤስ4 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል ጥቃቅን ነገር አለ፤ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ካወረዱት ብራውዘሩ በስሙ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ቁጥር 1 ይጨምርበታል፣ ኮንሶሉም ፋይሉን አላገኘሁም ይላል። ቁጥሩን ከነቅንፉና ከነክፍት ቦታው ያጥፉት።

ኤክስቦክስ ላይ ፍላሹ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ መሆን አለበት። የወረደውን ዚፕ ፋይል ከፈቱ በኋላ የዶላር ምልክት ከፊቱ ያለበትን የሲስተም አፕዴት ፎልደር እንዳለ፣ በሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይከቱ፣ ፍላሹ ላይ ይገልብጡት። መጫኑ ከተጀመረ በኋላ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ቢመስልም አይንኩት፤ ፍላሹንም ሆነ ገመዱን መንቀል ኮንሶሉን ሊገድለው ይችላል።

ደረጃ 7፦ አልነሳም ካለ

መጀመሪያ አይደናገጡ፤ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ምርጫም አይቸኩሉበት። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂዱ።

ፕሌይስቴሽንን ሙሉ በሙሉ ካጠፉ በኋላ የማብሪያ ቁልፉን ተጭነው ይያዙ፤ አንድ ጊዜ ድምፅ ያሰማል፣ ወደ 7 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ሁለተኛውን ሲያሰማ ይልቀቁት። ይህ ሴፍ ሞድ የሚባለው የጥገና ገጽ ነው። ጆይስቲኩን በገመድ እንዲያገናኙ ይጠየቃሉ፤ ካገናኙ በኋላ መሐሉ ላይ ያለውን የፒኤስ ቁልፍ ይጫኑ። ጆይስቲኩ አልታወቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ መረጃ የማያስተላልፍ ገመድ እዚህ አይሠራም። ከዝርዝሩ መጀመሪያ 1ኛውን፣ ማለትም እንደገና ማስነሳትን ይሞክሩ። ካልሆነ 5ኛውን ይምረጡ፤ ዳታቤዙን እንደገና ይገነባል፣ ጌሞችንና ሴቮችንም አያጠፋም። ቀጥሎ 3ኛውን መርጠው ከፍላሽ ያዘምኑ። 6ኛውና 7ኛው ምርጫዎች በኮንሶሉ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያጠፉ ስለሆኑ የመጨረሻ አማራጭ ናቸው፤ 7ኛው ሲስተሙን ራሱን እንደገና ስለሚጭን በድረ ገጹ ላይ ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠውን ፋይል ይፈልጋል። ስሙ ከተራው የአፕዴት ፋይል ጋር አንድ ስለሆነ እንዳይምታታብዎት።

ኤክስቦክስን ከሶኬት ነቅለው ትንሽ ቆይተው ይሰኩት። ከዚያ ጆይስቲክ ማገናኛዋን ትንሿን ቁልፍና የዲስክ ማውጫውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዘው የኤክስቦክስን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሁለቱን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሳይለቁ ሲቆዩ የመነሻውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ዲስክ የሌለው ሞዴል ከሆነ የማገናኛዋን ቁልፍ ብቻ ይያዙ። በሚመጣው ገጽ ላይ ያለ ኢንተርኔት ማዘመን የሚለው የተዘጋጀውን ፍላሽ ይቀበላል። ኤክስቦክስን እንደ አዲስ ማስጀመር ግድ ከሆነም ጌሞችንና አፖችን የሚያስቀረውን ምርጫ ያስቀድሙ።

ስዊችን አጥፍተው ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ እንደያዙ የማብሪያውን ቁልፍ ይጫኑ፤ የጥገና ገጹ እስኪመጣ የድምፅ ቁልፎቹን አይልቀቁ። እዚያ ሴቭ ሳያጠፉ ኮንሶሉን ማስጀመር የሚል ምርጫ አለ፤ ሴቩ ይቀራል፣ ጌሞቹን ግን እንደገና ያወርዳሉ። ከዚህ በፊት ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ መሞከርም ተገቢ ነው፤ የተበላሸ ካርድ የአፕዴት ችግር መስሎ ሲታይ አጋጣሚው ጥቂት አይደለም።

ደረጃ 8፦ ከእገዳ መጠንቀቅ፣ በተለይ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ

እገዳ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አካውንትን ይከተላል፣ ሌላው የኮንሶሉን መለያ ቁጥር። ሁለተኛው ይበልጥ ይከፋል፤ ጥፋተኛው ኮንሶሉን ሸጦ ሲሄድ ቅጣቱ ለገዢው ይተርፋል። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2009 የተነካኩ ኤክስቦክስ 360 ኮንሶሎችን ከኤክስቦክስ ላይቭ በጅምላ ሲያግድ ይህ በሰፊው ታይቷል። ኒንቴንዶ በሜይ 2025 ባሻሻለው የአሜሪካ የተጠቃሚ ስምምነት ላይ ደግሞ ክልከላውን የጣሰ ኮንሶል በከፊል ወይም በሙሉ ለዘለቄታው ከጥቅም ውጭ ሊደረግ እንደሚችል ጽፏል፤ ስዊች 2 ከወጣ በኋላም የጌም ቅጂ የሚያስነሱ ካርዶችን የተጠቀሙ ሰዎች ኮንሶሎች ከኢንተርኔት አገልግሎቱ ታግደዋል።

ያገለገለ ኮንሶል ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ባለበት አብርተው ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙት፤ መብራቱን ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም። በራስዎ አካውንት ገብተው ስቶሩን ይክፈቱ። የታገደ ስዊች በዚህ ጊዜ 2124-4007 የሚል የስህተት ቁጥር ያሳያል። ሻጩ ኢንተርኔት የለም ካለዎት ከስልክዎ ሆትስፖት ይክፈቱለት፤ ይህንንም ካልፈቀደ ግዢውን ይተዉት። የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱንና ኮንሶሉ እንደ አዲስ መጀመሩንም ይመልከቱ።

ያገለገለ የስዊች ካርድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ልዩ መለያ አለው፤ ሻጩ ይዘቱን ቀድቶ ቅጂውን መጠቀም ከቀጠለ፣ ኒንቴንዶ አንድ መለያ በሁለት ኮንሶሎች ላይ ሲያይ ሐቀኛውን ገዢ ሊያግድ ይችላል። በዚህ መንገድ የታገደ ተጠቃሚ የሽያጭ ማስታወቂያውንና የካርዶቹን ፎቶ ለድጋፍ ክፍሉ አቅርቦ እገዳው እንደተነሳለት በ2025 ተዘግቧል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ በገዙ ቁጥር ማስታወቂያውን ስክሪንሾት ያንሱ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን አያጥፉ፣ የኮንሶሉን መለያ ቁጥርና የካርዱን ሁለት ገጽ ፎቶ ያስቀምጡ።

ያለ ጥፋትዎ ከታገዱ ለድጋፍ ክፍሉ ሲጽፉ ቁጣዎን ወደ ጎን ትተው በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ የስህተት ቁጥሩን፣ የኮንሶሉን መለያ ቁጥር፣ እገዳው የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ ዕቃውን ከማን እንደገዙና ማስረጃውን አያይዘው ይላኩ። የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው፤ እርሱን እንደ ውሳኔ ሳይቆጥሩ የጉዳዩን መለያ ቁጥር ጠቅሰው ሰው እንዲመለከተው በድጋሚ ይጠይቁ። እስከዚያው ኮንሶሉን እንደ አዲስ አያስጀምሩት፤ ክፍሉ ተጨማሪ መረጃ ከኮንሶሉ ላይ እንዲያነቡለት ሊጠይቅዎት ይችላል።